ፍላቮኖይድ በምግብና በክኒን፦ ማስረጃው ምን ይላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የምናነሳው በብዙዎቻችን ቤት መደርደሪያ ላይ ስለሚገኝ ነገር ነው። አንዳንዱን ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልን ይመጣል፤ አንዳንዱን ራሳችን እንገዛዋለን። ብልቃጡ ላይ “የአረንጓዴ ሻይ ንጥር”፣ “ጊንኮ”፣ “ኩዌርሴቲን” ወይም “የካካዎ ፍላቫኖል” የሚል ይነበባል። ልብ ይጠብቃል፣ የማስታወስ ችሎታን ያጎለብታል፣ ውፍረት ይቀንሳል እየተባለ ይሸጣል። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ፍላቮኖይድ የሚባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ነው።

ይጠቅማሉ ወይ? ጉዳትስ አላቸው ወይ? ከዝግጅታችን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ እፈልጋለሁ፦ ስለ ምግቡ የተገኘ ማስረጃ ለክኒኑ ማስረጃ አይሆንም። ለአንዱ ጉዳይ የቆመ ምስክር ለሌላው ጉዳይ እንደማይመሰክር ሁሉ፣ ሽንኩርትና ሻይ ያስመሰከሩትን ጥቅም ክኒኑ ሊወርሰው አይችልም። ክኒኑ የራሱን ምስክር ማቅረብ አለበት። በዝግጅቱ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ፍላቮኖይድ ምንድን ነው? ዕፅዋት ለራሳቸው ህልውና የሚሠሩት ውህድ ነው። ተክሉ ራሱን ከኃይለኛ የፀሐይ ጨረር፣ ከሻጋታና ከተባይ ይከላከልበታል፤ አበባውንና ፍሬውንም ያቀልምበታል። የቀይ ሽንኩርት ቀለምና የጥቁር ወይን ልጣጭ ቀለም ከዚሁ ወገን የሚመጡ ናቸው። ተመራማሪዎች እስካሁን ከ5,000 የሚበልጡ ዓይነቶችን ለይተዋል። ኩዌርሴቲን በሽንኩርትና በፖም፣ ካቴኪን በአረንጓዴ ሻይና በካካዎ፣ ሄስፔሪዲን በብርቱካን፣ አይሶፍላቮን በአኩሪ አተር ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። በጓሯችን በምናበቅለው ጤና አዳም ውስጥም ሩቲን የተባለው አለ። ቡናችን ግን በዋናነት የሚታወቀው ክሎሮጀኒክ አሲድ በተባለ ሌላ ውህድ ነው፤ እሱ ከፍላቮኖይድ ወገን አይደለም።

እነዚህ ውህዶች ወደ ሕክምናው ዓለም የገቡት በ1936 ነው። ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂና የሥራ ባልደረቦቹ ከሎሚና ከቃሪያ ያወጡት ንጥር የቀጫጭን ደም ሥሮችን መድማት የሚያቆም መስሎ ታያቸው። ንጹሕ ቫይታሚን ሲ ብቻውን ያንን አላደረገም። ስለዚህ አዲስ ቫይታሚን አገኘን ብለው “ቫይታሚን ፒ” አሉት። ሴንት ጆርጂ በቀጣዩ ዓመት በ1937 ከቫይታሚን ሲ ጋር በተያያዘው ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሰው ነው። ሆኖም “ቫይታሚን ፒ” ፈተናውን አላለፈም። ቫይታሚን ለመባል ያ ነገር ሲጎድል ሰው የሚታመም መሆን አለበት፤ በፍላቮኖይድ እጥረት የሚመጣ የታወቀ በሽታ ግን አልተገኘም። በ1950 አካባቢ ስሙ እንዲቀር ተደረገ። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያ ተስፋና የተረጋገጠ እውነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በዚህ ዘርፍ ገና ከጅምሩ ታይቷል።

ታዲያ ፍላቮኖይድ እንደገና የተነሳው እንዴት ነው? በ1993 ኔዘርላንድስ ውስጥ ዙትፈን ከተባለች ከተማ የተገኘ ጥናት ታተመ። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 የሆኑ 805 ወንዶች ምን እንደሚበሉና እንደሚጠጡ ተመዘገበ፤ ከዚያም ለ5 ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ፍላቮኖይድ በብዛት ያገኙ የነበሩት ሰዎች በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው፣ ጥቂት ያገኙ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነበር። ፍላቮኖይዱን ያገኙት ደግሞ በዋናነት ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ነበር። ዜናው በዓለም ላይ ናኘ።

ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ የዚሁ ጥናት ዋና ተመራማሪ የተሳተፈበት ሌላ ጥናት ከዌልስ ወጣ። ኬርፊሊ በተባለች ከተማ አካባቢ የሚኖሩ 1,900 ያህል ወንዶች ለ14 ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። እዚህ ፍላቮኖይድ ከልብ ሕመም ጥበቃ ጋር ግንኙነት አልታየበትም። እንዲያውም ሻይ አብዝተው የሚጠጡት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

አድማጮች፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሻይ በኔዘርላንድስ ልብ ጠብቆ በዌልስ ልብ የሚያደክም ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ያለው በጠጪዎቹ ኑሮ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በዌልስ ሻይ አብዝተው የሚጠጡት በአብዛኛው የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ስብ የበዛበት ምግብም ይመገባሉ። ስለዚህ ሰዎችን በመከታተል ብቻ የሚደረግ ጥናት የሻይውን ሥራ ከኑሮው ሥራ ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትር ሰው ብዙውን ጊዜ አያጨስም፤ በእግሩ ይንቀሳቀሳል፤ ገቢውም የተሻለ ይሆናል። ጤናውን የጠበቀለት የትኛው ነው? ይህን ለመለየት ሌላ ዓይነት ጥናት ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደዚያ ጥናት ከመሄዳችን በፊት ግን በየማስታወቂያው የምንሰማውን “አንቲኦክሲዳንት” የሚለውን ነገር እናንሳ። በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ፍላቮኖይድ ሴሎችን የሚጎዱ ነውጠኛ ሞለኪውሎችን ያመክናል። ይህ እውነት ነው። የሰው ሰውነት ግን ከብርጭቆው የተለየ ነው። የምንውጠው ፍላቮኖይድ አብዛኛው እንዳለ ወደ ደም አይገባም። ከፊሉን በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል፤ የገባውንም አንጀትና ጉበት ለውጠው በሽንት እንዲወጣ ያደርጉታል። ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በቤተ ሙከራ ከሚጠቀሙበት እጅግ ያነሰ ነው።

በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ፖም አብልተው ደማቸውን ሲለኩ፣ የደሙ ነውጠኛ ሞለኪውሎችን የመከላከል አቅም በእርግጥ ጨምሮ ተገኘ። ነገር ግን ምክንያቱን ሲመረምሩ አቅሙን የጨመረው ፍላቮኖይዱ ሆኖ አልተገኘም። የፖሙ ስኳር፣ ማለትም ፍሩክቶስ፣ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ከፍ አድርጎት ነበር። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴርም ምግቦችን በአንቲኦክሲዳንት አቅማቸው በነጥብ ያስቀምጥበት የነበረውን ሰንጠረዥ በ2012 ከድረ ገጹ አንስቶታል፤ ነጥቡ በሰው ጤና ላይ ስላለው ውጤት የሚናገረው ነገር ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ብልቃጥ ላይ “ከፍተኛ አንቲኦክሲዳንት” የሚል ስታዩ፣ እሱ ስለ ብርጭቆው የተነገረ እንጂ ስለ እናንተ ጤና የተረጋገጠ ነገር አለመሆኑን እወቁ።

አሁን ክኒኑ ራሱ ወደተፈተነባቸው ጥናቶች እንለፍ። በእነዚህ ጥናቶች ተሳታፊዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን እውነተኛውን ክኒን፣ ሌላው መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ነገር ግን ፍሬ ነገር የሌለበትን ማስመሰያ ክኒን ይወስዳል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ተሳታፊውም ሐኪሙም አያውቁም። ዕጣው የኑሮ ልዩነትን በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚበትነው፣ በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት የክኒኑ ነው ለማለት ያስችላል።

የመጀመሪያው ጊንኮ ነው። የጊንኮ ዛፍ ቅጠል ንጥር 24 በመቶው ፍላቮኖይድ እንዲሆን ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ለማስታወስ ችሎታ በሰፊው ይሸጣል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ጊንኮ ወይም ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ፤ ክትትሉም ወደ 6 ዓመት ዘለቀ። ውጤቱ በ2008 ታተመ። በቁጥር ከሚቀራረቡት ሁለት ወገኖች መካከል፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 246፣ ጊንኮውን ከወሰዱት ደግሞ 277 ሰዎች በመርሳት በሽታ ተይዘዋል። ጊንኮ የመርሳት በሽታን አልተከላከለም። ወላጆቻችን ስማቸውን፣ ልጆቻቸውን እንዳይረሱ የምንሰጋ ብዙዎች ነን፤ ስጋቱን እረዳለሁ። ገንዘባችንን በዚህ ክኒን ላይ ማፍሰስ ግን መፍትሔ እንዳልሆነ ይህ ትልቅ ጥናት በግልጽ ተናግሯል።

ሁለተኛው ካካዎ ነው። ኮስሞስ በተባለው የአሜሪካ ጥናት 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በቀን 500 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል ወሰዱ። በ2022 በወጣው ውጤት፣ ጥናቱ አስቀድሞ ዋና ጥያቄ ብሎ በያዘው፣ ማለትም በአጠቃላይ የልብና የደም ሥር ሕመሞች ላይ፣ የታየው የ10 በመቶ ቅነሳ በአጋጣሚም ሊመጣ ከሚችል ልዩነት የማይለይ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ከተያዙት ጥያቄዎች አንዱ የሆነው በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት ግን በ27 በመቶ ቀንሶ ታየ። ተስፋ የሚሰጥ ነው። ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ የተገኘ ተስፋ ግን በሌላ ጥናት እስኪደገም ፍንጭ ሆኖ ይቆያል። ጥናቱን ከደገፉት አንዱ የቸኮሌት አምራቹ የማርስ ኩባንያ ክፍል መሆኑንም ማወቅ ተገቢ ነው። በሱቅ የምንገዛው ቸኮሌት ይህን ይተካል ብላችሁም እንዳታስቡ፤ ካካዎው ሲዘጋጅ አብዛኛው ፍላቫኖል ይጠፋል፤ የሚተርፈው ስኳርና ስብ ነው።

ሦስተኛው ኩዌርሴቲን ነው። በ2016 የ7 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ ትንተና፣ የላይኛው የደም ግፊት በአማካይ በ3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ በድምሩ 587 ብቻ ነበሩ። ቅነሳው ትንሽ ነው፤ ጨው በመቀነስና በየቀኑ በእግር በመሄድም ከዚህ የማያንስ ቅነሳ ይገኛል። የግፊት መድኃኒት አቁሞ ኩዌርሴቲን መጀመር ግን ለአንጎል ደም መፍሰስ ራስን ማጋለጥ ነው።

አራተኛው ዲዮስሚንና ሄስፔሪዲን የተባሉት ጥምር ናቸው። በብዙ አገሮች ሐኪሞች ለእግር ደም መልስ ችግር ያዝዟቸዋል። በ2020 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች የእግር እብጠትን በትንሹ እንደሚቀንሱ፣ የታማሚውን የኑሮ ሁኔታ ግን እምብዛም እንደማይለውጡ አሳይቷል። እዚህ ጥቅም አለ፤ ልኩ ትንሽ ነው፤ የተረጋገጠውም ለአንድ የታወቀ ችግር ነው።

አራቱን አንድ ላይ ስናያቸው፣ አንዱ አልሠራም፣ አንዱ ፍንጭ ሰጠ፣ ሁለቱ ትንሽ ጥቅም አሳዩ። ሁሉንም በሽታ ይከላከላል የሚለው የማስታወቂያ ቃል ከእነዚህ ውስጥ በአንዱም አልተደገፈም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጉዳቱ እንለፍ። “የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለውን አባባል በየቦታው እንሰማለን። የአረንጓዴ ሻይ ንጥር ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል።

ኢጂሲጂ የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ዋነኛ ካቴኪን ነው። አረንጓዴ ሻይ የሚጠጣ ሰው በአማካይ በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ያገኛል፤ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጨ፣ ብዙውን ጊዜም ከምግብ ጋር። ክኒኑ ግን ብዙውን በአንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም በባዶ ሆድ ወደ ጉበት ይልካል። ለውፍረት ቅነሳ ይሸጥ የነበረ ኤክሶሊዝ የተባለ የአረንጓዴ ሻይ ንጥር በጉበት ጉዳት ምክንያት በ2003 ከፈረንሳይና ከስፔን ገበያ ወጥቷል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ከ1,000 በላይ ያረጡ ሴቶች ለ12 ወራት በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን 843 ሚሊግራም ኢጂሲጂ ከወሰዱት 6.7 በመቶ በሚሆኑት ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ አለ፤ ማስመሰያውን ከወሰዱት መካከል ይህ የታየው በ0.7 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 በክኒን መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ ከጉበት ኢንዛይም መጨመር ጋር እንደሚያያዝ ገለጸ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ባወጣው ደንብ መጠኑ ከ800 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ወሰነ፤ እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ እንዳይወስዱት፣ ማንም ሰው በባዶ ሆድ እንዳይወስደው የሚል ማስጠንቀቂያም እንዲጻፍበት አዘዘ።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ክኒን የጀመረ ሰው ሽንቱ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሰውነቱን ያለ ምክንያት ካሳከከው ወይም ከቀኝ የጎድን አጥንቱ ሥር ካመመው፣ ወዲያው ክኒኑን አቁሞ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ብልቃጡንም ይዞ ይሂድ።

ሌላው አደጋ ከመድኃኒት ጋር መጋጨት ነው። አረንጓዴ ሻይ ናዶሎል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ወደ ደም መግባት በእጅጉ እንደሚቀንስ በሰዎች ላይ ታይቷል። ኢጂሲጂ ቦርቴዞሚብ ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣብቆ ሥራውን እንደሚያግድ በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ተረጋግጧል። ዋርፋሪንን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ጊንኮ ቢጨምሩ መድማት ያሰጋቸዋል። በሐኪም “ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?” ተብላችሁ ስትጠየቁ እነዚህን ክኒኖችም አብራችሁ ንገሩ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ እናንተን ለመውቀስ አይደለም፤ ሊጠብቃችሁ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከመዋጥ በፊት ማንበብ ይቅደም። አንድ ከአሜሪካ የመጣ ብልቃጥ አብረን እናንብብ። ከፊት በትልቁ “500 ሚሊግራም የአረንጓዴ ሻይ ንጥር” ይላል። ብልቃጡን ስናዞረው በትንሽ ፊደል “50 በመቶ ኢጂሲጂ” የሚል እናገኛለን፤ ስለዚህ በአንዱ ክኒን ያለው ኢጂሲጂ 250 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። ወረድ ሲል የአንድ ጊዜ መጠን ሁለት ክኒን መሆኑን፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚወሰድም ይገልጻል። ስንደምረው በቀን 1,000 ሚሊግራም ሆነ፤ አውሮፓ ከወሰነው ልክ በላይ ማለት ነው። ከታች ደግሞ በኮከብ ምልክት፣ የተጻፈው የጤና ጥቅም በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያልተመረመረ መሆኑን፣ ምርቱም በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ አለመሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አለ። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እነዚህ ምርቶች ገበያ ከመግባታቸው በፊት ጥቅማቸው እንዲረጋገጥ አያስገድድም። “የአሜሪካ ነው” ማለት የተፈተነ ነው ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወደ ማዕድ ቤታችን እንመለስ። የሽንኩርት ኩዌርሴቲን በብዛት የሚገኘው ከደረቁ ልጣጭ ቀጥሎ ባሉት የውጭ ንብርብሮች ላይ ነው። ሽንኩርት ስንልጥ ደረቁን ብቻ እናንሳ እንጂ ወፍራሙን የውጭ ንብርብር አብረን አንጣለው። ሽንኩርት ሲቀቀል ከፍላቮኖይዱ ከፊሉ ወደ ውኃው ይወጣል፤ በወጣችን ግን ቁሌቱም መረቁም እዚያው ድስት ውስጥ ስለሚቀር የሚደፋ የለም። ጤፍም አፒጀኒንና ሉቴኦሊን የተባሉት የፍላቮኖይድ ዓይነቶች አሉት። ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ከኩርኩፋ ጋር የሚመገቡት የሽፈራው ቅጠል በሩቲን የታወቀ ነው፤ ለምግብነቱ ጥሩ ቅጠል ነው። ሽፈራው ስኳር በሽታን ወይም ግፊትን ይፈውሳል ለሚለው ግን በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፤ የሐኪም መድኃኒት የሚያስቆም ማስረጃ የለም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች፣ ማለትም ፍላቮኖይድም የሚመደብባቸው የዕፅዋት ውህዶች፣ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስደው ይይዙታል። ስለዚህ በተለይ እርጉዝ እናቶች፣ ሕፃናትና ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ሻይን ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡ ይሻላል። ጤና አዳምም በቡና ላይ እንደምትጣለው ቅንጣቢ ሳይሆን በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ ማህፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል፣ እርጉዝ ሴት በዚያ መልክ ልትወስደው አይገባም።

እንግዲህ አድማጮች፣ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ላጠቃልል። አንደኛ፣ ፍላቮኖይድ የበዛበት አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ ከተሻለ ጤና ጋር አብሮ ይታያል፤ መብላታችንን እንቀጥል። ሁለተኛ፣ ከዚያ የተነጠረው ክኒን በሚፈተንበት ጊዜ ውጤቱ ከዜሮ እስከ ትንሽ ጥቅም ነው፤ አንዳንዱም ይጎዳል። ሦስተኛ፣ ክኒን ስትገዙ ወይም ዘመድ ይዞላችሁ ሲመጣ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ምርት በሰው ላይ በዕጣ ተፈትኗል? ለየትኛው በሽታ? የቀኑ ድምር መጠን ስንት ነው? ከምወስደው መድኃኒት ጋር ይስማማል? መልሱን ካላገኛችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ፋርማሲ ባለሙያ ወይም ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። አራተኛ፣ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በማንኛውም ንጥር አትተኩ።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችንም ለእናትና ለአባታችሁ ክኒን ከመላካችሁ በፊት፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ በስልክ ጠይቁ። በዚያው ገንዘብ የግፊታቸውንና የስኳራቸውን ምርመራ ብትከፍሉላቸው፣ ጥቅሙ የተረጋገጠ ስጦታ ሰጣችኋቸው ማለት ነው።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)